የእጅ ስልክ ለኤች አይ ቪ ሕክምና ያለው ጥቅምና በቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ንግግር



ባለፉት ንግግሮቻችን ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ ውሃ መቅጃና ማስቀመጫ ዕቃ ንጽሕና ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ እጅ ስልክ እንናገራለን። «ኧረ ስልክና የቤት ንጽሕና ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም።

ውሃ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይቀዳል። እንስራው ካልታጠበ፣ ጋኑም ካልተከደነ ግን እቤት ከገባ በኋላ ይቆሽሽና ልጅ ያሳምማል። ከጤና ጣቢያ በስልክ የሚመጣ መልእክትም እንዲሁ ነው። ከምንጩ ለበጎ ተብሎ ይላካል፤ የሚደርስበት ስልክ የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ምስጢሩም ካልተከደነ ግን፣ ሊጠቅም የተላከው ነገር ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ጋን መክደን የቤት ሥራ እንደሆነ ሁሉ የስልክን ምስጢር መክደንም የቤት ሥራ ነው እንላለን።

ይህ ንግግር ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ከመካከላችን ማን መድኃኒቱን እንደሚወስድ በፊቱ አይታወቅም። ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ምራት ልትሆን ትችላለች፤ ገና ያልተመረመረ የራሳችን ልጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁላችሁም አድምጡን።

ስለ በሽታው በመጀመሪያ

ኤች አይ ቪ በዓይን የማይታይ፣ ቫይረስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት ቀስ በቀስ ያጠፋል። ጠባቂ በሌለበት ቤት ሌባ እንደሚገባ ሁሉ፣ ሰውነት ጠባቂውን ሲያጣ ሳንባ ነቀርሳውም፣ ተቅማጡም፣ ሌላውም በሽታ እንደ ልቡ ይገባበታል።

የሚተላለፈው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፥ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፤ ሁለተኛ፥ በደም፣ ይኸውም ምላጭን፣ መርፌንና የመሳሰለውን ስለት በጋራ በመጠቀም፤ ሦስተኛ፥ ከእናት ወደ ልጅ፣ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ ልጅ በማቀፍ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት በመጠቀም ወይም በትንኝ ንክሻ ግን አይተላለፍም። ይህን በደንብ ያዙት፤ ኋላ ወደዚሁ እንመለሳለን።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲታወቁ ለበሽታው ምንም መድኃኒት አልነበረም። ከ2005 ጀምሮ ግን መድኃኒቱ በነጻ ይሰጥ ጀመር። በ2015 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ እስኪታመም ሳይጠብቅ፣ ወዲያው መድኃኒት ይጀምር ሲል መከረ። ድሮ እፍኝ ሙሉ ይዋጥ የነበረው መድኃኒት ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ፍሬ ሆኗል።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ጨርሶ ከሰውነት አያወጣውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ገበሬ እንዴት እንደሚያርም ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ አርሞ የተወው ማሳ ተመልሶ በአረም ይሸፈናል። መድኃኒቱንም ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው እንዲሁ ነው፤ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛበታል፤ ከዚያም የከፋው፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደውና አይበገርለትም። በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ግን፣ በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያንሳል። እንዲህ የሆነለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው ቫይረሱን አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንኑ በግልጽ አስታውቋል።

ለእናቶችም ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። መድኃኒት ካልወሰዱና ሌላም ጥንቃቄ ካልተደረገላቸው 100 እናቶች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ቫይረሱን ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ። መድኃኒቱን በሚገባ ሲወስዱ ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል።

ስልክ ምን ይሠራል?

«መድኃኒቱ በነጻ ከሆነ፣ አንድ ፍሬም ከሆነ፣ ሰው ለምን ያቋርጣል?» ትሉን ይሆናል። እኛም ተማሪዎች ሳለን እንዲህ እንል ነበር። ወደ ገጠር ወርደን ስንሠራ ግን ምክንያቱን አየነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ የቀጠሮው ቀን ከገበያ ቀን ወይም ከአጨዳ ጋር ይገጥማል፤ ልጅ ይታመማል፤ እንግዳ ይመጣና መድኃኒቱን በሰው ፊት ማውጣት ያሳፍራል፤ ወይም እንዲሁ ይረሳል። አንድ ቀን የተረሳው ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ሳምንት ይሆናል።

በኬንያ የሚገኙ ሐኪሞች ለዚህ አንድ ዘዴ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 በሦስት ክሊኒኮች መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎችን በሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን በየሳምንቱ ሰኞ አንዲት አጭር መልእክት በስልክ ይላክለት ነበር። መልእክቷ «ማምቦ?» የምትል ናት፤ በስዋሂሊ ቋንቋ «እንዴት ነው?» ማለት ነው። ስለ በሽታም ሆነ ስለ መድኃኒት አንድም ቃል የለባትም። ሕመምተኛው በሁለት ቀን ውስጥ «ሳዋ»፣ ማለትም ደህና ነኝ፣ ወይም «ሺዳ»፣ ማለትም ችግር አለብኝ፣ ብሎ ይመልሳል። ችግር አለብኝ ላለ ሰው፣ ዝም ላለውም ጭምር፣ ባለሙያ ደውሎ ይጠይቀው ነበር።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። መልእክት ከሚላክላቸው 100 ሰዎች 62ቱ መድኃኒታቸውን በሚገባ መውሰዳቸውን ሲናገሩ፣ ካልተላከላቸው ግን 50ዎቹ ብቻ ናቸው። ደማቸው ሲመረመርም ቫይረሱ የተገታላቸው መልእክት ከደረሳቸው ከ100ው 57፣ ካልደረሳቸው 48 ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ባወጣው መመሪያ የስልክ መልእክት ከሌላው እርዳታ ጋር ተጨምሮ ሕመምተኛን ለማስታወስ እንዲያገለግል መከረ።

ነገር ግን ስልክ ሁሉን ያድናል እንዳትሉ። በዚያው በኬንያ፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የተደረገ ሌላ ጥናት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት እንደረዳ፣ በየቀኑ የሚላከው ግን እንዳልረዳ አሳየ። በካሜሩን ደግሞ፣ በያውንዴ ከተማ በ200 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ከዚህ እኛ የምንማረው ነገር አለ። በየቀኑ የሚጮህ ነገር ይሰለቻል፤ እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ጆሮ ይለምደዋል። ሰውን የሚያበረታው «እንዴት ነሽ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ፣ ችግር ሲነገረውም የሚደርስ ሰው መኖሩ ነው። ስልኩ ድልድይ ነው፤ በድልድዩ ላይ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ከሌለ ድልድዩ ብቻውን አይጠቅምም።

ስለ ሕፃናት ደም ምርመራ

ሌላው የስልክ ጥቅም በሕፃናት ላይ ይታያል። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ከተወለደ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መመርመር አለበት። ለትልቅ ሰው የሚደረገው ተራ ምርመራ ለእርሱ አይሆንም፤ ምክንያቱም የእናቱ የመከላከያ ኃይል በደሙ ውስጥ እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆይና ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ፣ በልዩ ወረቀት ላይ ደርቆ፣ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል።

ወረቀቱ ይሄዳል፤ መልሱ ግን ይዘገያል። ይህ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ቫይረሱ ኖሮባቸው ሳይታከሙ ከቀሩ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በዛምቢያ ደቡባዊ ክፍል በሚገኙ 10 የጤና ተቋማት ውጤቱ በወረቀት ሲመጣ በአማካይ 44 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። በስልክ መልእክት መላክ ሲጀመር ወደ 27 ቀን ወረደ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በማላዊም በ2016 የሕፃናት የደም ናሙና ሰው በሌለበት ትንሽ አውሮፕላን ከጤና ጣቢያ ወደ ሊሎንግዌ ሆስፒታል ይደርስ እንደሆነ ተሞክሯል። ለሕፃን 17 ቀን ብዙ ነው። የሕፃን ልጅ በሽታ ቀጠሮ አያከብርምና።

በአገራችንም በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሕሙማን መዝገብ በኮምፒዩተር ይያዛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በብዙ ቀበሌ የቤተ ሰቡን መዝገብ በታብሌት መያዝ ጀምረዋል። ቀድሞ ከቀጠሮ የቀረ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ትልቁን መዝገብ ገጽ በገጽ ስናገላብጥ ግማሽ ቀን ይሄድ ነበር። አሁን ኮምፒዩተሩ ስሙን ቶሎ ያወጣልናል። መብራት ሲጠፋ ግን ወረቀቱ ነው የሚያወጣን፤ ስለዚህ ወረቀቱን አልጣልነውም።

እኛ ራሳችን የሠራነው ስሕተት

አሁን የምንነግራችሁ ነገር ለእኛ የሚያስመሰግን አይደለም። ነገር ግን ከሰው ስሕተት መማር ይሻላልና እንነግራችኋለን።

በሠራንበት በአንድ ጤና ጣቢያ አንዲት ወጣት እናት በመጀመሪያ እርግዝናዋ ጊዜ ተመርምራ ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒቱን ጀመረች፤ አንድም ቀጠሮ አላጓደለችም። ስልክ ቁጥር ስንጠይቃት ሰጠችን፤ ጻፍነው። የማን ስልክ እንደሆነ ግን አልጠየቅናትም። ስልኩ የባልዋ ወንድም ኖሯል።

ልጅዋን በሰላም ተገላገለች። በስድስተኛው ሳምንት የሕፃኑ ደም ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ልጁ ነጻ ነው ይላል። እኛም በደስታ ስልኩን አነሣንና ደወልን። አንድ ወንድ አነሣው። «የልጁ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት መጥቷል፤ ደህና ነው፤ እባክህ ንገርልን» አልነው። እንዲህ አድርገን በአንዲት መልካም ወሬ የእናቲቱን ምስጢር አደባባይ አወጣነው።

ወሬው ሳይመሽ አማቷ ዘንድ ደረሰ። በማግሥቱ የእሷ ሲኒ ለብቻ ተቀመጠ፤ እንጀራዋም በሌላ ትሪ ይቀርብላት ጀመር። ሕፃኑንም አያቱ ማቀፍ ተወች። በሳምንቱ ልጅዋን አዝላ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። መድኃኒቷን ይዛ አልሄደችም። ሁለት ወር ሙሉ ሳትወስድ ቆየች፤ ጡት ግን ታጠባ ነበር። ልብ በሉ፤ ልጁ ነጻ ነው ብለን የደወልነው እኛው ነን፤ ልጁ ለአደጋ የተጋለጠውም በእኛው ስልክ ነው።

ያገኘቻት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ በስልክ አይደለም፣ በእግሯ ሄዳ ነው። ከተመለሰች በኋላ ይቅርታ ልንጠይቃት ተቀመጥን። እሷም፣ «ደስታውን ለሰው ነገራችሁ፤ መከራውን ለእኔ ተዋችሁልኝ» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ እሷው ፈቅዳ አማቷን ጠራቻት። አሮጊቷ መጡና በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ወንበር ስንሰጣቸውም አልቀመጥ አሉ። በመጨረሻ ግን፣ «ልጆቼ፣ በአንድ ትሪ ብንበላ አይተላለፍም ነው የምትሉኝ?» ብለው ጠየቁ። «አዎን እማማ፣ አይተላለፍም» አልናቸው። «ታዲያ ይህን ለምን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ጠፋ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለ በሽታው መተላለፊያ ለእናቲቱ አስተምረን ነበር፤ ለቤቱ ግን አላስተማርንም።

ሕፃኑ ጡት ካቆመ በኋላ በተደረገለት የመጨረሻ ምርመራ ነጻ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ግን በእኛ ጥንቃቄ የሆነ አይደለም፤ በቸርነቱ የሆነ ነው። በቸርነት የተገኘ ነገር ደግሞ ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት ያዝን፤ እናንተም ያዙት።

ስልክ ቁጥር ስትሰጡ ልትናገሩት የሚገባ

ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ቁጥር ስትጠየቁ አምስት ነገር ተናገሩ። ባለሙያው ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት፤ ይህ መብታችሁ ነው።

1ኛ፥ ስልኩ የማን ነው? የራሴ ነው፣ የባሌ ነው፣ የልጄ ነው፣ የጎረቤት ነው በሉ።

2ኛ፥ መልእክቱን ማን ያነበዋል? ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ልጃችሁ ወይም ሌላ ሰው ያነብላችሁ ይሆናል። እንግዲያው ያ ሰው ሊያውቀው የማይገባ ነገር እንዳይጻፍ ንገሩ።

3ኛ፥ በየትኛው ሰዓት ይደወል? ቤት ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ከሚደወል፣ ውሃ በምትቀዱበት ወይም ብቻችሁን በምትሆኑበት ሰዓት ይሁን።

4ኛ፥ ሌላ ሰው ቢያነሣው ምን ይባል? «ከጤና ጣቢያ ነው» ማለት እንኳ የሚጎዳችሁ ከሆነ፣ «ቁጥር ተሳስቼ ነው» ተብሎ እንዲዘጋ ተስማሙ።

5ኛ፥ መልእክቱ ምን ይበል? የበሽታም፣ የመድኃኒትም ስም ባይኖርበት ይሻላል። «እህቴ ደህና ነሽ?» የሚለው ይበቃል። መልሱም «ደህና» ወይም «ችግር» ይሁን። መጻፍ የማትችሉም አትከልከሉ፤ አንድ ጊዜ ሚስኮል ከሆነ ደህና ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ደውሉልኝ ማለት ይሁን ብላችሁ ከሚከታተላችሁ ባለሙያ ጋር መስማማት ትችላላችሁ።

ቁጥር ስትቀይሩ ወይም ስልኩ ሲሸጥ ቶሎ ንገሩን። አለዚያ የእናንተ መልእክት ለማታውቁት ሰው ይደርሳል። በቤታችሁ ዱላ ወይም ከቤት መባረር የምትፈሩ እናቶች ደግሞ ይህንኑ በጆሯችን ንገሩን፤ ምንም ነገር እንዳይላክ ይደረጋል። በአካል የምንገናኝበት ሌላ መንገድ አብረን እንፈልጋለን።

ስልኩን በቤት ስለ መጠበቅ

የራሳችሁ ስልክ ያላችሁ፣ መክፈቻ ቁጥር አድርጉበት። አደራረጉን ካላወቃችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሳያችኋለች። ከጤና ጣቢያ የመጣ መልእክት ካነበባችሁ በኋላ አጥፉት። ስልክ ለጥገና ወይም ለቻርጅ ከቤት ሲወጣ በውስጡ ምን እንዳለ አስቀድማችሁ እዩ። የመድኃኒት ወይም የቀጠሮ ካርድ ፎቶ አንሥታችሁ ለማንም አትላኩ፤ አንድ ጊዜ ከእጅ የወጣ ፎቶ እንደ ፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም።

መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ለማስታወስ የስልኩን ደወል ሙሉት። ተራው ቁልፍ ስልክም ደወል አለው። ደወል ኔትዎርክ አይፈልግም፤ ካርድም አይበላም። ስልክ ከሌላችሁ ከየዕለት ሥራችሁ ጋር አያይዙት፤ ከብት ሲገባ፣ ወይም ራት ሲቀርብ ብላችሁ ልማድ አድርጉት። ሰዓቱ ካለፈባችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ውሰዱ፤ ትላንት ቀርቷል ብላችሁ ግን ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ አትዋጡ።

መድኃኒቱም እንደ እህል ማስቀመጫ ይፈልጋል። ጭስና እርጥበት በማይደርስበት፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ፣ በራሱ ብልቃጥ ውስጥ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ። ከምድጃ አጠገብ ወይም ግድግዳው በሚያዝብበት ቦታ አታኑሩት። በውስጡ ያለችውን ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ እርጥበት የምትመጥ ናት። ከመንካታችሁ በፊትም እጃችሁን ታጠቡ።

በስልክ ስለሚመጣ የሐሰት ወሬ

በስልክ መልካም ምክር እንደሚመጣ ሁሉ ውሸትም ይመጣል። ዘመናዊ ስልክ ያላቸው ልጆቻችሁ «ኤች አይ ቪን በአንድ ወር የሚያጠፋ ቅጠል ተገኘ» የሚል ፊልም ያሳዩአችሁ ይሆናል። እስከ ዛሬ ድረስ ተራ ሰው ገዝቶ ወይም ቅጠል ጨምቆ ቫይረሱን ከሰውነቱ የሚያስወጣበት መድኃኒት የለም። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁና መድኃኒታችሁን ከመተዋችሁ በፊት ጠይቁን።

ጸበል የምትጠመቁም እንደ ሃይማኖታችሁ ተጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ መክረው ነበር። ስለዚህ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ለቤተ ሰብ የምንለው

አባቶችና ባሎች ሆይ፤ የሚስታችሁን ስልክ በጥርጣሬ ከመበርበር ይልቅ አብራችሁ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ብዙ ጊዜ እናት ቀድማ የምትታወቀው በእርግዝና ምክንያት ቀድማ ስለምትመረመር ነው እንጂ በሽታውን እሷ ስላመጣችው አይደለም። ቀድሞ የተመረመረን ሰው መውቀስ፣ እሳት መነሣቱን ቀድሞ ያየውን ሰው «አንተ ለኮስኸው» እንደ ማለት ነው።

አማቶችና እናቶች ሆይ፤ ሲኒ መለየት በሽታ አይከላከልም፤ ሰው ያባርራል እንጂ። ልትለዩ የሚገባችሁ ምላጭንና መርፌን ነው። ደም የነካውን ልብስ በእጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሳትሸፍኑ አትጠቡ፤ በውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠብ። ይህ ለማንኛውም ሰው ደም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ከዚህ በተረፈ በአንድ ትሪ ብሉ፤ የልጅ ልጆቻችሁን እቀፉ፤ ሳሟቸው።

መልእክት ለምታነቡ ልጆችም አንድ ቃል አለን። ለእናታችሁ ያነበባችሁትን ለጓደኛ አታውሩ። ደብዳቤ አንባቢ ድሮም የታመነ ሰው ነበረ።

ስልክ ለሌላቸው

በመጨረሻ፣ ስልክ የሌላችሁ ወይም በቀበሌያችሁ ኔትዎርክ የማይገኝ፣ «እንግዲህ እኛ ቀረን» አትበሉ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለስልክ ቁጥር አይደለም። ሕክምናቸው የጸና፣ ቫይረሱም የተገታላቸው ሰዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወስደው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጡበት አሠራር በአገራችን አለ። ከሩቅ የምትመጡ ይህንን ጠይቁ። የቀጠሮ ካርዳችሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ምስጢራችሁን የሚያውቅ አንድ ታማኝ ዘመድም ከስልክ በፊት የነበሩ፣ ዛሬም ያሉ ናቸው። ያቺን እናት ያገኘቻት በእግሯ የሄደች ሴት መሆኗን አትርሱ።

እንግዲህ የተናገርነውን በአጭሩ እንሰብስበው።

መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይቋረጥ ይወሰድ። ሕፃኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆነው ይመርመር፤ ውጤቱም ይጠየቅ። ቁጥር ሲሰጥ የማን እንደሆነ ይነገር። መልእክት የበሽታ ስም አይኑርበት። ካነበባችሁ በኋላ ይጥፋ። በስልክ የመጣ የፈውስ ወሬ ሳይጠየቅ አይታመን። ምላጭ ይለይ፤ ሲኒ አይለይ።

እኛም በበኩላችን፣ ስልክ ከማንሣታችን በፊት በዚያኛው ጫፍ ማን እንዳለ ልንጠይቅ ቃል ገብተናል። ስንሳሳት ስታዩን ዝም አትበሉን፤ ተናገሩን።

ጋናችሁን እንደምትከድኑ የሰውንም ምስጢር ክደኑ። እስክንገናኝ ድረስ በጤና ያቆየን።